ድር ከፋብሪካ፣ ማግ ከእንዝርት

በጦር ኃይሎች፣ ከአያት የሚነሣው ቀላል ባቡር ጉዞውን በሚፈጽምበት ሥፍራ ዙሪያ፣ ፀሐይ ወደ ቤቴል በኩል ስታዘቀዝቅ የጉሊት ነጋዴዎች ሸራቸውን በእግረኛው መንገድ ላይ ይዘረጋሉ። በአንዱ ሸራ ላይ ባሕር ማዶ ሌላ ሰው ለብሶ የጣለው ሰልባጅ ሸሚዝ ይከመራል፤ በሌላው የቻይና ሹራብና ካልሲ ይደረደራል፤ ከሁሉ ወጣ ብለው ደግሞ፣ ከግንብ ጥግ፣ አንዲት አዛውንት እናት በፌስታል ጠቅልለው ያመጧቸውን ሁለት ነጠላዎች በጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ይህ ጸሐፊ ባለፈው የፍልሰታ ሰሞን ከነዚህ ነጠላዎች አንዱን አንሥቶ፣ ዋጋውን ሳይሆን አሠራሩን ቢጠይቃቸው፣ እናቲቱ ከዘርፉ አንዲት ክር መዘዝ አድርገው በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሹአትና «ይኸ ድሩ ነው፤ የፋብሪካ ነው ልጄ» አሉ። ቀጥለውም ከጎን ሌላ ክር፣ ወፈር ቀጠን የምትል፣ ለስለስ ያለች፣ መዘው «ይኸ ደግሞ ማጉ ነው፤ ይኸን እኔ ነኝ የፈተልኩት» ሲሉ፣ በፊተኛው ቃላቸው ያልነበረ ኩራት በኋለኛው ተሰማ።

ስለ ልብስ ሥራ በሀገራችን የተጻፈው ጥቂት አይደለም፤ ከፊሉ የሸማኔውን ጥበበ እድ ያወድሳል፣ ከፊሉ የፋብሪካውን መዘውርና የሠራተኛውን ብዛት ይቆጥራል፤ በሁለቱ መካከል ቆሞ፣ ከአንዷ ቤት ልቃቂት ከሌላው ሱቅ ድር እየገዛ፣ ሸማውን ለገበያ የሚያደርሰውን ነጋዴ ግን ዞር ብሎ ያየው እምብዛም አይገኝም። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ስለዚህ ሰው ነው፤ ይኸውም በሌላው ዓለም ክር በመሸጥ የጀመረ ነጋዴ ውሎ አድሮ የፋብሪካ ጌታ ሲሆን፣ ከጥንት ጀምሮ ጥጥ ሲፈትልና ሲሸምን በኖረው በኛ ሀገር ስለ ምን ሳይሆን ቀረ? ለመልሱ በመጀመሪያ የአንድ የስኮትላንድ ሰው ሕይወት፣ ቀጥሎም የራሳችንን ቤት እንመለከታለን። የባዕዱ ሀገር ዘመን በአውሮፓ፣ የሀገራችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ የወጣ ሲኖር በቦታው ይነገራል።

ሰውየው ዴቪድ ዴል ይባላል። በ1739 በኤርሻየር አውራጃ፣ ስቱዋርተን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከአንድ ቸርቻሪ ቤት ተወለደ፤ በልጅነቱ ከብት ጠበቀ፤ ከፍ ሲል ፔዝሊ ወደምትባለው የሸማኔዎች ከተማ ወርዶ ሽመና ተማረ፤ ከመወርወሪያው ሥር ዘመኑን ሊፈጽም ስላልወደደ ግን በየገጠሩ እየዞረ፣ የገበሬ ሚስቶች በየቤታቸው የፈተሉትን የተልባ እግር ክር የሚሰበስብ ሰው ሆነ። ይህን የመሰለውን ሥራ ለመገመት የኛ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በቅዳሜ ገበያ ልቃቂት በእጁ መዝኖ፣ አንዷን «ጠንካራ ነው» ብሎ ተቀብሎ ሌላዋን «ይበጠሳል» ብሎ የሚመልሰውን ሰው ማስታወስ ይበቃዋል። ዴል በ1763 ገደማ ግላስጎው ገብቶ በሐር ነጋዴ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ከቆየ በኋላ የራሱን ሱቅ በዓመት 5 ፓውንድ ተከራየ፤ አምስቱም ፓውንድ ስለከበደው ግማሹን ሱቅ ለአንድ ሰዓት ሠሪ አከራይቶ የኪራዩን እኩሌታ በዚያ ከፈለ። ከዚያች ግማሽ ሱቅ ውስጥ ነው እንግዲህ ከፍላንደርስና ከሆላንድ የተልባ እግር ክር እያስመጣ ለስኮትላንድ ሸማኔ በመሸጥ ከከተማው ባለጸጎች መካከል የቆመው።

በ1777 ያገባት ካሮላይን ካምቤል የስኮትላንድ ንጉሣዊ ባንክ ባለሥልጣን ልጅ ስለነበረች፣ ባንኩ በ1783 በግላስጎው የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ሲከፍት ወኪልነቱን ከአንድ ባልንጀራው ጋር ለዴል ሰጠው። የጋብቻው ነገር በዕድል የሚቆጠር ይሁን፤ የባንኩ ነገር ግን በጥብቅ ሊስተዋል ይገባል፤ ብድር የሚሰጠው ሰው ራሱ የክር ነጋዴ ነበርና፣ ማን ሸማኔ ዕዳውን እንደሚከፍል፣ የማን ክር እንደሚበጠስ፣ የትኛው ገበያ እንደሚከስር ከወረቀት ሳይሆን ከእጁ ያውቀው ነበር። ሰውየው አጭርና እጅግ ወፍራም እንደነበረ ይነገራል፤ አንድ ቀን በበረዶ ላይ አዳልጦት በቁመቱ ልክ እንደተዘረረ ለወዳጁ ቢያማርር፣ ወዳጁ በወርድህ ልክ አለመሆኑን አመስግን አለው ይባላል። በእሑድ ደግሞ ይህ ወፍራም የባንክ ሰው ሰባኪ ነበር። ከመንግሥታዊው ቤተ ክርስቲያን ተለይተው በወጡ ጥቂት ምእመናን ማኅበር ውስጥ፣ አንድ ሻማ ነጋዴ ባሠራላቸውና ሕዝቡ «የሻማ ቤተ ክርስቲያን» እያለ በሚዘባበትበት አዳራሽ፣ በመጀመሪያ ድንጋይ እየተወረወረበት፣ ኋላም እየተከበረ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ቃለ ወንጌልን አስተማረ፤ መጽሐፍን በጥንቱ ቃል ለማንበብ ብሎም ዕብራይስጥና ጽርዕ ተማረ።

የግላስጎው ታላላቅ ነጋዴዎች ቀደም ሲል ትምባሆ ከአሜሪካ እያመጡ ቀይ ካባ ለብሰው በአደባባይ የሚንጎራደዱ ጌቶች ነበሩ፤ የአሜሪካ ጦርነት ያን ንግድ ሲሰብረው ገንዘቡ አዲስ ማደሪያ ፈለገ፤ ማደሪያውም ጥጥ ሆነ። ጥጥ በውኃ ኃይል የሚፈትለውን መኪና በእንግሊዝ ሀገር ያቋቋመው ሪቻርድ አርክራይት፣ የቀድሞው ፀጉር አስተካካይ፣ ወደ ስኮትላንድ በመጣ ጊዜ ዴል ይዞት ወደ ክላይድ ወንዝ ፏፏቴ ወረደ፤ በዚያም ኒው ላናርክ የተባለው የፋብሪካ መንደር በ1785 ተጀምሮ በ1786 ክር ፈተለ። በ1788 አንዱ ሕንጻ በእሳት ቢጋይ እንደገና አስነሣው። በ1791 ወደ አሜሪካ የሚሰደዱ የስኮትላንድ ደገኞችን የጫነች መርከብ ማዕበል መልሶ ወደብ ላይ ሲጥላት፣ ዴል ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹን በሥራና በቤት ተቀበላቸው። በካትሪን፣ በብላንታየር፣ በሰሜን ዳርቻ እስከምትገኘው ስፒኒንግዴል ድረስ ከሌሎች ጋር ፋብሪካ ተከለ፤ ስፒኒንግዴል አልሆነም፣ የብላንታየሩ ግን ከዘመናት በኋላ አንድ የ10 ዓመት ልጅ ክር ቀጣይ አድርጎ ቀጠረ፤ ልጁም ኋላ በአፍሪካ ጉዞው የታወቀው ዴቪድ ሊቪንግስተን ነው።

ልጆች ስንል ነገሩ ወደ ከባዱ ምዕራፍ ይደርሳል። በኒው ላናርክ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ሲሠራ ከዚህ የሚበዛው ልጅ ነበር፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ከኤዲንብራና ከግላስጎው የነዳያን ቤቶች የመጡ እጓለ ማውታ ነበሩ፤ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት በመዘውሩ ሥር ቆመው ውለው፣ ከዚያ በኋላ እስከ ሦስት ሰዓት ትምህርት ቤት ይገቡ ነበር። የዘመኑ ሰዎች ወደ መንደሩ እየመጡ የአልጋውን ንጽሕና፣ የምግቡን ብዛት፣ የመምህራኑን ቁጥር እያዩ ዴልን ባረኩት፤ ከሌሎቹ የዘመኑ ፋብሪካዎች ጋር ሲመዛዘንም ምርቃቱ ይገባዋል። ነገር ግን የ8 ዓመት ልጅ ከ11 ሰዓት ሥራ በኋላ ፊደል ላይ ሲያንቀላፋ ትምህርት ተሰጠው ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህ የሚከፋው ሌላው ነው፤ በ1791 የግላስጎው የባሪያ ንግድ ተቃዋሚዎች ማኅበር ሲቋቋም ሊቀ መንበሩ ዴል ነበር፤ በመዘውሩ የሚፈተለው ጥጥ ግን በብዛት ባሪያዎች በምዕራብ ሕንድ ደሴቶችና በአሜሪካ ምድር የለቀሙት ነበር። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን በግብዝነት ይተረጉሙታል፤ ለኔ ግን ግብዝነት አይመስለኝም። እጁ ከጥጡ ላይ፣ ዓይኑ ከመጽሐፉ ላይ የነበረ፣ ሁለቱን አንድ ቀን ጎን ለጎን አድርጎ ያልመዘነ ሰው ነበር፤ የዚህ ዓይነት ሰው በየዘመኑ ይገኛል፣ ሰልባጅ ከሚሸጥበት አደባባይ ቆሞ ስለ ሀገር ምርት የሚጽፈውም ጭምር።

በ1799 ፋብሪካውን በ60,000 ፓውንድ ለሮበርት ኦወንና ለባልንጀሮቹ ሸጠው፤ ኦወንም በዚያው ዓመት የዴልን ልጅ ካሮላይንን አገባ፤ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ከሥራ አስወጥቶ፣ የሕፃናት ትምህርት ቤት ከፍቶ፣ ኋላም የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባት እስከመባል ደረሰ። ዓለም የአማቹን ስም ያነሣል፤ የአማቱን ይረሳል። ዴል በ1806 ሞተ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በኛ ሀገር ሸማ የማይለብስ አልነበረም፤ ሸማኔን የሚያከብር ግን ጥቂት ነበር። ንጉሡ በጃኖ፣ ካህኑ በኩታ፣ ሙሽራዪቱ በጥበብ ሲከበሩ፣ ያን ያበጀው ሰው ከጉድጓዱ እንዳጎነበሰ «ቁጢት በጣሽ» ይባል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ የእጅ ባለሙያን መስደብ ሲከለክሉ፣ ከተዘረዘሩት ስድቦች መካከል የብረት ሠሪው «ጠይብ»፣ የሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» እና የነጋዴው «መጫኛ ነካሽ» ይገኙበታል። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቆም ብለህ አስብ፤ በስኮትላንድ ሸማኔው ነጋዴ፣ ነጋዴው የባንክ ሰው፣ የባንክ ሰውየው የፋብሪካ ጌታ እስኪሆን ድረስ መሰላሉ ተዘርግቶ ሳለ፣ በኛ ዘንድ የመሰላሉ የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ላይ የቆሙት ሁለቱም በስድብ ተጎራብተው ይገኛሉ። አዋጁ ቅን ነበረ፤ ይሁን እንጂ ስድብን ይከለክላል እንጂ ብድር አይሰጥም።

መሰላሉ ባዶ አልቀረም፤ ሌሎች ወጡበት። በዚያ ዘመን በሀገራችን ገበያ የነገሠው ጨርቅ አቡጀዲ ነው፤ የሚመጣውም በብዛት ከአሜሪካ ነበርና፣ የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋል በሐሳቡ ውስጥ ከፍ ያለው ነገር ይኸው የጥጥ ጨርቅ ነበር። ቆይቶ ጃፓን በርካሽ ዋጋ መጥታ ሁሉንም አባረረች፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ያሳተሙት ይህች ሀገር በምሁራኑ ዘንድ ብርቱ ምሳሌ በሆነችበት፣ አቡጀዲዋም በየሱቁ በሞላበት ሰዓት ነበር። ጨርቁን አስመጥቶ የሚያከፋፍለው ደግሞ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የታወቀው የሕንዱ መሐመድ አሊ የንግድ ቤት፣ ከርሱም ጎን አርመኑ፣ ግሪኩና ዐረቡ ነበሩ። ፋሽስቶች በወረራው ዘመን የመሐመድ አሊን ቤት ከሀገር አስወጡት፤ ለኢትዮጵያዊው ነጋዴ ግን ሥፍራውን አልሰጡትም፤ ከአራዳ አራርቀው «ኢንዲጅኖ» ብለው ወደ ከለሉት ገበያ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው፣ ገፉት እንጂ።

ፋብሪካውም የመጣው በዚሁ በር ነው። ድሬዳዋ ላይ የተተከለውና የከተማው ሰው «ኮቶኒ» እያለ የሚጠራው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1939 በጣሊያኖች እጅ ተቋቋመ። የባሕር ዳሩ በ1953 ዓ.ም. ሲቆም ገንዘቡ የመጣው ከጣሊያን የጦር ካሣ ነው፤ ጣሊያን በሰላሙ ውል 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተፈርዶባት፣ ኋላ በስምምነት ወደ 16.3 ሚሊዮን ዝቅ ብሎ፣ ከዚያ ላይ የቆቃ ግድብና የጣና ዳር ፋብሪካ ወጡ። የደም ካሣ ወደ ክር መለወጡ ለዘመኑ ሰው ትልቅ መጽናኛ እንደነበረ አያጠራጥርም፤ ሆኖም የዚያ ፋብሪካ መሥራች በእጁ ክር የመዘነ ነጋዴ ሳይሆን የካሣ ስምምነት መሆኑን ማስተዋል የኛ ፋንታ ነው። በአስመራ ጣሊያናዊው ሮቤርቶ ባራቶሎ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በታችኛው አዋሽ በተንዳሆ የብሪታንያው ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር የጥጥ እርሻ፣ በአቃቂም ሕንዶች ኢንዶ ኢትዮጵያ የተባለውን ጨርቃ ጨርቅ አቋቋሙ።

የአቃቂው ነገር ጥቂት ዘለግ ያለ ቃል ይገባዋል፤ የስኮትላንዱን ሰው ታሪክ ከኛ ጋር የሚያገናኘው ክር እዚህ ስለሚገኝ ነው። ፋብሪካውን የተከለው የቢርላ ቤት ነው፤ የቤቱ አለቃ ጂ. ዲ. ቢርላ በወጣትነቱ በካልካታ የጆንያ ክር ደላላ ነበረ። የካልካታ የጆንያ ንግድ በዚያን ዘመን በስኮትላንዶች እጅ ነበረ፤ ዴል ከሞተ መቶ ዓመት አልፎ፣ የሀገሩ ልጆች ከግላስጎውና ከዳንዲ ተነሥተው ዓለምን በክር አስረው ነበርና። ሕንዱ ደላላ በቢሮአቸው አሳንሰር እንዳይወጣ፣ ተራውን ሲጠብቅም በአግዳሚያቸው እንዳይቀመጥ ይከለከል እንደነበረ ራሱ ተርኳል። ያን ንቀት ይዞ ወጥቶ በ1919 የራሱን የጆንያ ፋብሪካ ተከለ፤ ከአርባ ዓመት በኋላም ቤቱ ወደ አቃቂ መጣ፤ የአቃቂው ፋብሪካ ሕንዶች ከሀገራቸው ውጭ በሽርክና ካቆሟቸው የመጀመሪያዎቹ ይቆጠራል። ዴልና ቢርላ በሃይማኖት፣ በቀለም፣ በዘመን የተለያዩ ናቸው፤ መንገዳቸው ግን አንድ ነው፤ መጀመሪያ ክር መሸጥ፣ ቀጥሎ ብድር ማግኘት፣ በመጨረሻ መዘውር መትከል። ሦስተኛው ሰው ከመርካቶ መነሣት ነበረበት።

ሊነሣም ዳድቶ ነበር። ከነፃነት በኋላ በመርካቶ ጨርቅ ተራ ኢትዮጵያዊው ነጋዴ፣ በተለይም በእግሩ ከጉራጌ ምድር መጥቶ በተሸካሚነትና በችርቻሮ የጀመረው፣ ከባዕዱ ጎን ሱቅ መክፈትና ቀስ በቀስ ማከፋፈልን ተማረ። ድሬዳዋና አቃቂ የሠሩትን አቡጀዲና ካኪ ከፋብሪካው በር ተቀብሎ እስከ ገጠር ገበያ የሚያደርሰው ይህ ሰው ነበረ፤ ለሸማኔው ድር የሚያቀርበውም እርሱ። ካፒታሉ ሊበስል፣ ዓይኑ ወደ ፋብሪካው በር ውስጥ ሊመለከት በጀመረበት ጊዜ፣ ጥር 26 ቀን 1967 ዓ.ም. መንግሥት 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን ወረሰ። ከዚያ በኋላ የኮምቦልቻ፣ የሐዋሳ፣ የአርባ ምንጭ ፋብሪካዎች አንድ በአንድ ሲቆሙ ሁሉም የመንግሥት ነበሩ። የተወረሱት ድርጅቶች አብዛኞቹ የባዕድ ስለነበሩ ኢትዮጵያዊውን ነጋዴ የጎዳው ምን አለ የሚል ክርክር አለ፤ የጎዳው የወደፊት መንገዱን ነው። ወደ ፋብሪካው የሚያገባ በር ተዘግቶ፣ እርሱ ደጅ ቀረ፤ ደጅ የቀረ ሰውም ሸቀጥ ያዘዋውራል እንጂ መዘውር አይተክልም።

በኋለኛው ዘመን በሩ ቢከፈትም፣ ቀድሞ የተጋበዘው ሌላ ነበረ። ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በአየር ጤና በኩል ወደ ጅማ የሚወጣው መንገድ ዓለም ገና ሲደርስ የሚገኘው፣ አይካ አዲስ የተባለው የቱርክ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲመረቅ፣ ብዙ የዚህ ሰፈር ወጣት በጧት ሰርቪስ ወደዚያ ይጎርፍ ነበር፤ ፋብሪካው በልማት ባንክ ብድር ላይ የቆመ ስለነበረ ዕዳው ሲከብድ ባንኩ ወረሰው። የሐዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60,000 ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበረ፤ የመነሻ ደመወዙ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲጠና በወር 26 ዶላር፣ ከዓለም ልብስ ሠሪዎች ሁሉ ዝቅተኛው ሆኖ ተገኘ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ዋናው የአሜሪካ ኩባንያ ፒ.ቪ.ኤች. ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በታኅሣሥ ወር ደግሞ፣ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት፣ ሀገራችን አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል ወጣች። የዓድዋው አልሜዳ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በዚያው ጦርነት ወደመ። ገዢውም፣ ልኩም፣ ጨርቁም ከውጭ የሚመጣበት ፋብሪካ፣ ገዢው አንድ ደብዳቤ ሲጽፍ ባዶ አዳራሽ ይሆናል፤ ከሐዋሳ ገበያ ጋር የሚያገናኘው አንዲት ክር እንኳ ስላልነበረው።

ስለ ዴል እጓለ ማውታ ያዘነ አንባቢ፣ እዚሁ በአዲስ አበባ፣ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ጓሮዎች፣ ከጋሞ ደጋ «ትማራለህ» ተብለው የመጡ ልጆች በሽመና ጉድጓድ ውስጥ ሲውሉ እንደታዩ፣ ነገሩም በተደጋጋሚ በመንግሥትም በበጎ አድራጊ ማኅበራትም እንደተመረመረ ማወቅ ይገባዋል። የ1791ዱ መርከብ ደገኞችና የጋሞ ደገኞች ስደት ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ፣ ዴል ቢያንስ በምሽት መምህር አቆመላቸው፣ እኛ ግን ለዚያ ልጅ ገና አላቆምንለትም። እዚህ ላይ ነው ይህ ጸሐፊ የፋብሪካን ልማት በደመወዝ ዝቅተኛነት ከሚያወድሱት ወገኖች የሚለየው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል፤ በግል ድርጅት ግን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሳይኖር ዘመናት አልፈዋል። የሰውን ሥራ በርካሽ መሸጥ ንግድ ነው ከተባለ፣ መጫኛ ነካሽ የተባሉት አያቶቻችን ከዚህ የተሻለ ነግደዋል።

የዴልን ምሳሌ የሚቃወም ቃል እንዳለ አላጣሁም። ጥጡ የባሪያ፣ ገበያው የቅኝ ግዛት፣ ጉልበቱ የሕፃን ነበር፤ ከዚህ ሁሉ የተነጠለ ዴል የለም የሚል ቢነሣ፣ ልክ ነው። ከርሱ የምንወስደው ሀብቱን ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ነው፤ ገዢውን ሳያውቅ መዘውር አልተከለም። የኛ ፋብሪካዎች ደግሞ ገዢያቸውን ቢያውቁት ደጃቸው ላይ ቆሞ ያገኙት ነበር። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ለአንድ ሰፈር ስሙን ያወረሰው አደይ አበባ ክር ፋብሪካ፣ ድሬዳዋና ባሕር ዳርም፣ ዘመናቸውን ሙሉ ከታማኝ ደንበኞቻቸው አንዱ ሸማኔው ነበረ፤ በየጓዳው የሚሸመነው ጋቢና ነጠላ ድሩን የሚያገኘው ከነርሱ ነውና። ሆኖም በየእቅዱ ውስጥ ሸማኔው የሚነሣው «በባህላዊ ዘርፍ» ሥር፣ ፋብሪካው «በዘመናዊ ዘርፍ» ሥር ነው፤ አንዱ የሌላውን ክር እንደሚሸምን ሰንጠረዡ አያሳይም። ድር በተወደደ ቁጥር ሸማኔው ቀለሙን ከሚያጣው ከውጭ ክር ጋር ይታረቃል፤ የፋብሪካው ጎተራም ያልተሸጠ ድር ይዞ ይቀመጣል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ለኢንቨስተር የተዘጋጀው መሬትና ብድር እኩሌታ፣ ሦስት አሥርት ዓመታት ድር ለሸማኔ ያከፋፈለ የመርካቶ ነጋዴ ቢሰጠው፣ እርሱም ከሸማኔዎች ማኅበር ጋር በሽርክና ትንሽ መፍተያ ቢተክል፣ ከሐዋሳው አዳራሽ ያነሰ ሕንጻ፣ ግን ገዢው በደብዳቤ የማይሄድበት ፋብሪካ ይሆናል። አሁን በንግድ ባንኮች በር ዋስትና አምጣ የሚባለው ነጋዴ፣ የሚያመጣው ቤት እንጂ የሚያውቀው ክር እንደ ዋስትና አይቆጠርለትም፤ የስኮትላንዱ ንጉሣዊ ባንክ ግን የግላስጎው ወኪልነቱን የሰጠው በኪራይ ሱቅ ለጀመረ ሰው ነበር።

ነጠላውን ገዛሁት፤ ዋጋውን ለመከራከር ብሞክርም እናቲቱ አልበገሩልኝም፤ የድሩን ዋጋ በዚህ ዓመት ስንት እንደ ደረሰ እየቆጠሩ ነገሩኝ፤ የእጃቸውን ፈትል ግን አልቆጠሩትም። በጦር ኃይሎች በኩል የምታልፍ አንባቢ ሆይ፣ አመሻሽ ላይ ከግንቡ ጥግ ካገኘሃቸው፣ ዋጋ ከመጠየቅህ አስቀድመህ ድሩ የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ጠይቃቸው፤ ስትከፍልም የፈትላቸውን ሒሳብ ጨምረህ ክፈል።